የአንጎል ዕጢዎችን በየስማቸው የለዩት ሐኪም

የላስታ ገበሬ ገብሱን ሁሉ ገብስ ብቻ ብሎ አይተወውም። ቶሎ የሚደርሰውንና የሚዘገየውን በየስሙ ለይቶ፣ እያንዳንዱን በወቅቱ ይዘራዋል። በሕክምናም ለይቶ መሰየም ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳየውን የአንድ ሊቅ ታሪክ ለዚህ የበዓል መጽሔታችን መርጠናል። ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ሃርቪ ኩሺንግ በ1869 በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። በሃርቫርድ ሕክምና ተምረው በ1895 ተመረቁ። በዚያ ዘመን የራስ ቅሉ ተከፍቶ ዕጢ የሚወጣለት በሽተኛ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም ነበር። እርሳቸው ግን የሚደሙትን ሥሮች በትናንሽ የብር መቆንጠጫ እየያዙ፣ የደም ግፊትንም እየተከታተሉ፣ በትዕግሥት በመሥራት የሟቾቹን ቁጥር በእጅጉ ቀነሱ።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ግሊዮማ በሚባለው ዕጢ ከተያዙት መካከል አንዱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ዓመት ሲኖር፣ ሌላው በጥቂት ወራት ይሞታል። ሕመማቸው በአንድ ስም ቢጠራም አንድ አልነበረም። ስለዚህ ከዶክተር ፐርሲቫል ቤይሊ ጋር ሆነው ከ400 በላይ ዕጢዎችን ሰብስበው፣ በማይክሮስኮፕ የታየውን የሕዋሳቱን መልክ በሽተኛው ከኖረበት ዘመን ጋር አነጻጸሩ። በ1926 ባሳተሙት መጽሐፍም ግሊዮማን ከ10 በሚበልጡ ዓይነቶች ከፈሉት። ከእነዚህም አንዱ ሕፃናትን አብዝቶ የሚያጠቃው ሜዱሎብላስቶማ ነው፤ ሌላው ኤፔንዲሞማ በኅብለ ሰረሰርም ውስጥ ይበቅላል። ከዚያ ወዲህ ሐኪም የዕጢውን ስም ሲያውቅ፣ የበሽተኛውን ተስፋና የሚበጀውን ሕክምና ለመገመት መንገድ አገኘ።

ዶክተር ኩሺንግ ከ2000 በላይ የአንጎል ዕጢዎችን በቀዶ ሕክምና አክመው በ1939 ዐረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር በራሳቸው አንጎል ውስጥ አንዲት ትንሽ እባጭ ተገኘች።

የጀመሩት ሥራ ግን አልቆመም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1979 የመጀመሪያውን፣ በ2021 ደግሞ አምስተኛውን የዕጢዎች አከፋፈል መጽሐፍ አውጥቷል፤ ዛሬ ከሕዋሱ መልክ ሌላ የዘር ቅንጣቱም ይመረመራል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በ2006 ተጀምሯል።

ከላስታ ተራሮች ራሱን እያመመው ወርዶ ሐኪም የሚፈልግ ሰው፣ ሕመሙን በትክክለኛ ስሙ የሚጠራለት ያስፈልገዋል። ከእኛ መካከል ይህን ሙያ የሚመርጡ እንዲኖሩ ምኞታችን ነው።