ጥይቱን ያስቀደመው ሰው

ሰው ስለ ሽጉጥ ሲያወራ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ብረቱ ነው። ሥሪቱ የየት አገር ነው? ስንት ይጎርሳል? ዋጋውስ? ስለሚጎርሰው ጥይት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ሥራውን ሁሉ ከጥይቱ ስለጀመረ አንድ ሰው ነው። ዳንኤል ቤርድ ዌሰን ይባላል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከሚለው የታወቀ ስም ሁለተኛው እሱ ነው። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራበት የኖረው ጥያቄ ግን አብሮት አልተቀበረም። ለትንሽ ሽጉጥ የሚስማማው ጥይት የቱ ነው? ከአያት የወረሰውን አሮጌ አጭር ሽጉጥ መሳቢያው ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት። መልሱን ከሳተ ደግሞ የሚጎዳው ሌባውን ላይሆን ይችላል፤ የራሱን እጅ ወይም ከግድግዳው ወዲያ የተኛ ልጁን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከልደቱ ልነሳ።

ዌሰን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1825 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉስተር በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ ማረሻም እየሠሩ ይሸጡ ነበር። ልጁ እስከ 18 ዓመቱ እርሻና ትምህርት ቤት ሲመላለስ ቆየና ከታላቅ ወንድሙ ከኤድዊን ዘንድ የጠመንጃ ሥራ ሊማር ገባ። ኤድዊን ለዒላማ ተኩስ የሚሆን ጠመንጃ በመሥራት በዘመኑ ስሙ የተጠራ ባለሙያ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሠለጠነ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ብረቱ የቱንም ያህል ቢያምር ባሩዱና አረሩ ከልኩ ካልገጠመ ምቱ ይስታል።

እ.ኤ.አ. በ1847 ሲንቲያ ሆውስን አገባ። የልጅቱ አባት ልጃቸውን ለጠመንጃ ሠሪ አልሰጥም ብለው ስለነበር ሁለቱ ተያይዘው ጠፍተው እንደተጋቡ ይነገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤድዊን በድንገት ሞተ። የወንድምየው ንብረትም ለባለዕዳዎች ሆነ። ገና ሃያዎቹ ውስጥ የነበረው ዳንኤል ባለትዳር ሆኖ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው። በሰው ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው እንግዲህ በዕድሜ ከሚበልጠው ከሆራስ ስሚዝ ጋር የተገናኘው።

በዚያን ጊዜ ሽጉጥ መጉረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የሳሙኤል ኮልትን ስድስት ጎራሽ የያዘ ሰው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ባሩድ ያፈስሳል፤ አረሩን ከላይ ይጠቀጥቃል፤ ከኋላ ደግሞ እሳት የሚጭረውን ትንሽ ቆብ ይገጥማል። ዝናብ ከመታው ባሩዱ ይረጥብና ምላጩ ቢሳብም ዝም ይላል። ስሚዝና ዌሰን ይህን ሁሉ በአንድ ቀለህ ውስጥ ማጠቃለል ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1852 ባቋቋሙት የመጀመሪያ ሽርክና የሞከሩት ጥይት ባሩዱ በአረሩ ውስጥ፣ ከኋላ በተቦረቦረ ቦታ የሚቀመጥበት ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን ቦታው ጠባብ ነውና የሚይዘው ባሩድ ትንሽ፣ ጉልበቱም ደካማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1855 ድርጅቱን ለሌሎች ሸጡት። ከገዢዎቹ አንዱ ሸሚዝ አምራቹ ኦሊቨር ዊንቸስተር ነበር። በኋላ በዓለም የታወቀው የዊንቸስተር ጠመንጃ ዘሩ የሚቆጠረው ከዚያው ነው።

ዌሰን ግን ጥይቱን አልተወም። ከመዳብ የተሠራ፣ እሳት የሚጭረው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ የተቀመጠለት ትንሽ ጥይት ሠራ። የአረሩ ክብደት 29 ግሬን፣ በእኛ መለኪያ ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም፤ ባሩዱም 4 ግሬን ብቻ ነበር። ጥይቱ ተገኘ፤ አሁን የቀረው የሚጎርሰው ሽጉጥ ነው። ልብ በሉ፣ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ጥይቱን ከኋላ ለማስገባት የሚሽከረከረው ቋት ከጫፍ እስከ ጫፍ መበሳት አለበት፤ የዚህ ፈጠራ መብት ደግሞ ሮሊን ዋይት በተባለ ሰው እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 ከእሱ ጋር ተዋዋሉ። በተሸጠው ሽጉጥ ሁሉ 25 ሳንቲም ይከፍሉታል፤ መብቱን የሚጥስ ከመጣ ግን ተሟጋቹ ራሱ ዋይት ይሆናል። ውሉ ለዌሰን ወርቅ ሆነለት። ዋይት ግን ካገኘው ገንዘብ ብዙውን በክርክር ጨረሰው።

እ.ኤ.አ. በ1857 ሰባት ጥይት የምትጎርስ ትንሽ ሽጉጥ ገበያ ላይ ዋለች። ያቺ ጥይት 22 ሾርት በሚል ስም ዛሬም ትመረታለች። ከአሜሪካ ባለቀለህ ጥይቶች መካከል እስከ ዛሬ ሳትቋረጥ የቆየች አንጋፋዋ እሷ ናት። የእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1861 ሲፈነዳ ወታደሩ በገዛ ገንዘቡ እየገዛ ኪሱ ስለከተታት ፋብሪካው ለትዕዛዙ አልደርስ አለ። ጉልበቷ ትንሽ ነው፤ ዝናብ ግን አያከሽፋትም። ሰው የገዛው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ከሩሲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 የሩሲያ ጦር 20 ሺህ ትልልቅ ሽጉጦች አዘዘ፤ ነገር ግን ጥይቱ እንዲስተካከል ጠየቀ። የቀድሞው አረር ቅባቱ ከቀለሁ ውጭ ስለነበር አቧራና አሸዋ ይይዝ ነበር። ሩሲያዎቹ ቅባቱ ቀለሁ ውስጥ እንዲገባ አደረጉ። ዌሰን የደንበኛውን ምክር አልናቀም፤ ከዚያ በኋላ ለሠራቸው ጥይቶችም ይህንኑ መንገድ ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስሚዝ ድርሻውን ሸጦለት በጡረታ ሲሰናበት ፋብሪካው የዌሰን ቤተሰብ ሆነ።

አሁን ወደ መሳቢያዋ ሽጉጥ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1876 ዌሰን 38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለውን ጥይት ከአምስት ጎራሽ ሽጉጥ ጋር አወጣ። ሽጉጡ ከላይ ተከፍቶ ወደ ታች የሚታጠፍ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎችም በርካሽ እየገለበጡ በብዛት ሠሩት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከአያት ተወረሰ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወጣው ይሄው ዓይነት ነው። እዚያ ሌሊት ሱቅ የሚሠራ አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለውን በርካሽ ገዝቶ ምን ላጉርሰው ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። የነገርኩትን ለእናንተም ልድገመው። ከእነዚህ ሽጉጦች ብዙዎቹ የተሠሩት ለጭሳሙ ጥቁር ባሩድ ነው፤ ማጠፊያቸውም በዕድሜ ይላላል። መጀመሪያ መሣሪያ አዋቂ ይያቸው። ደህና ናቸው ከተባለም የሚጎርሱት በስማቸው የተሠራውን ለስላሳ ጥይት ብቻ ነው። ፋብሪካዎች ይህን ጥይት ዛሬም ሆን ብለው ለዘብ አድርገው የሚሠሩት አሮጌዎቹን ሽጉጦች አስበው ነው።

በስሙ አትታለሉ። 38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እና 38 ስፔሻል አንድ ጥይት አይደሉም። የመጀመሪያው አጠር ብሎ ወፈር ያለ ነው፤ ሁለተኛው ረዘም ብሎ ቀጠን ይላል፤ ግፊቱም ይበልጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር በመጀመሪያው ልክ የተሠሩ ሽጉጦች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ቋታቸው ተቦርቡሮ 38 ስፔሻል እንዲጎርሱ ተደረገ፤ አፈሙዛቸው ተቆርጦ ያጠረም አለ። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ሲተኮስ ቀለሁ በሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ያብጣል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ስለዚህ አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ቋቱ ይለካ።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ ዌሰን ከልጁ ከጆሴፍ ጋር መዶሻው ከውስጥ የተደበቀ፣ እጀታው በመዳፍ ካልተጨበጠ የማይተኩስ ሽጉጥ ሠራ። ሐሳቡ የመጣለት አንድ ሕፃን በሽጉጥ መጎዳቱን ሰምቶ ነው ይባላል። ታሪኩ እንደሚነገረው ቢሆንም ባይሆንም ሽጉጡ የሚመሰክረው ነገር አለ። በጥይት የከበረው ሰው ጥይቱ በማይገባው እጅ እንዳይወጣ ማሰቡን ያሳያል። ይሁንና ምንም ዓይነት ብልሃት ቁልፍን አይተካም። ልጅ ባለበት ቤት ሽጉጥ ያለቁልፍ አይቀመጥም፤ በእኛም አገር ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለፈቃድ መያዝ ክልክል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1899 ዌሰን የ74 ዓመት አዛውንት ሳለ ፋብሪካው ትልቁን ሥራውን አወጣ፤ 38 ስፔሻልን ከነሽጉጡ። የአሜሪካ ጦር ይጠቀምበት የነበረው 38 ጥይት ፊሊፒንስ ላይ ደካማ ነው ተብሎ ይታማ ነበር። አዲሱ ጥይት አረሩ ከ150 ወደ 158 ግሬን፣ ባሩዱም ከ18 ወደ 21 ግሬን ገደማ አደገ። ጭማሪው ይኸው ነው። ሰውዬው ጉልበት የጨመረው በልክ ነበር፤ ሽጉጡ የሚችለውን፣ እጅም የሚቆጣጠረውን ያህል። ይህ ጥይት ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአሜሪካ ፖሊስ ዋና ጥይት ሆነ።

ታዲያ 38 ስፔሻል የሚጎርስ፣ ባለ 2 ኢንች አፈሙዝ አሮጌ ሽጉጥ ያለው ሰው ምን ይምረጥ? ገበያ ላይ ፕላስ ፒ የተባለ ጉልበተኛ ጥይት አለ። የተለመደው 38 ስፔሻል ግፊቱ በስኩዌር ኢንች እስከ 17,000 ፓውንድ ሲሆን ፕላስ ፒ 20,000 ይደርሳል። የዌሰን ፋብሪካ የዚህን ሽጉጥ ቋት በሙቀት ማጠንከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919 ገደማ ነው። የሞዴል ቁጥር መምታት የጀመረው ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተሠራ ሽጉጥ ፕላስ ፒን እርሱት። ለመጀመሪያው ተኩስ ዝም ቢል እንኳ ብረቱን ቀስ በቀስ ያላላዋል።

ደግሞስ ትርፉ ምንድን ነው? በአጭር አፈሙዝ አረሩ ቶሎ ስለሚወጣ ባሩዱ ገፍቶ አይጨርስም፤ ፍጥነት ይቀንሳል። አፍንጫው የተቦረቦረ አረር የሚፈነዳው ደግሞ ፍጥነት ሲያገኝ ነው። ቀስ ካለ፣ ወይም ቀዳዳው በወፍራም ልብስ ከተደፈነ ሳይከፈት ያልፋል። ድቡልቡል አፍንጫ ያለው ተራ አረር ደግሞ አልፎ የመሄድ ጠባይ አለው፤ የአሜሪካ ቤት የጅብሰም ግድግዳም አያቆመውም። ለዚህ ነው ብዙ አዋቂዎች ለአሮጌ አጭር ሽጉጥ ዋድከተር የተባለውን የሚመርጡት። 148 ግሬን የሚመዝን፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ እርሳስ ነው። ለዒላማ የተሠራ ለስላሳ ጥይት ነው፤ እጅን አይመታም፤ ሳይፈነዳም የአረሩን ሙሉ ስፋት ያህል ይቆርጣል። ጠፍጣፋ ስለሆነ ግን ተቻኩሎ መልሶ ለማጉረስ ያስቸግራል። ሌላው አማራጭ ለዘብ ያለው ባለ 158 ግሬን ነው፤ የአሮጌ ሽጉጦች ማነጣጠሪያ የተስተካከለው በአብዛኛው ለዚህ ክብደት ነውና። ቀላል አረር ዝቅ ብሎ ይመታል።

የመረጡትን ጥይት ታዲያ መሳቢያ ውስጥ ከቶ መርሳት አይደለም። ተኩሶ ማየት ነው። ክብደቱ ቀላል በሆነ ሽጉጥ ንዝረቱ ያልተተኮሱትን ጥይቶች አረር ከቀለሁ ወደ ፊት ሊያወጣና ቋቱን ሊያስቆልፍ ይችላል። ይህንን በሰላሙ ጊዜ፣ በተኩስ መለማመጃ ቦታ ማወቅ ይሻላል። የታጠቁት በሩጫ ከሆነ በሩጫ ይፈታል።

ዌሰን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1906 ፋብሪካው ባለበት በስፕሪንግፊልድ ከተማ በ81 ዓመቱ ሞተ። አባቷ የከለከሉት ሲንቲያ አንድ ወር ያህል ቀድማው አርፋ ነበር። ለዚያች ከተማ ካወረሷት ነገር አንዱ በስማቸው የተጠሩ ሁለት ሆስፒታሎች ናቸው። አንደኛው የእናቶች ማዋለጃ ነበር። በጥይት ከተገኘ ሀብት ማዋለጃ መሠራቱን ንስሐ የሚለው ይኖራል፤ ልግስና የሚለውም ይኖራል። እኔ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከሕይወቱ የምወስደው ግን ግልጽ ነው። ይህ ሰው በሃምሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ዓይነት ሽጉጥ ሠራ፤ አንዱንም ለጥይቱ ሳይለካ አላወጣም። ዛሬ የእሱን ሽጉጥ የወረሰ ሰው የሚበረታውን ጥይት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ሠሪው የለካውን መለኪያ እየጣለ ነው። አሮጌ ሽጉጥ የሚፈልገው የሚችለውን ጥይት ነው። የሚችለው ደግሞ፣ በሚያውቀው እጅ ከተያዘ፣ ለጭንቅ ቀን አያንስም።