ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ

መርካቶ ከሚዛን ፊት ሲቆሙ እኒህን ዓሊም ያስታውሱ። ቅድመ አያቶቻቸው ከሐበሻ ምድር፣ ከጀበርት አገር የሄዱ ናቸው። እርሳቸው በ1110 ሂጅራ (1698 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ተወለዱ። የወር ጨቅላ ሳሉ አባታቸው ሞቱ፤ አያታቸው አሳደጓቸው። በአሥር ዓመታቸው ቁርኣንን ሐፈዙ። በፊቅህ ብቻ አልረኩም፤ ብዙው ደረሳ የማይደፍረውን ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪና ሥነ ፈለክ ያዙ፤ ፋርስኛና ቱርክኛም ጨመሩ። (እኔ መድረሳ ሳለሁ ሒሳብን ከዒልም አልቆጥረውም ነበር።) በአዝሀር የጀበርት ደረሶች ማደሪያ የሆነውን ሪዋቅም መርተዋል። በ1172 ሂጅራ የካይሮ ሚዛን ተዛብቶ ሲገኝ አንጥረኞችንና ሚዛን ሠሪዎችን ጠርተው፣ በስሌት አቃኑት። በ1188 (1774 እ.ኤ.አ.) ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ታሪካቸውን የጻፈልን ልጃቸው፣ የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን ነው።