ፊንያስ ጌጅ፦ የአንጎል ጉዳት ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ ለዓለም ያሳየው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ

ከሜልቦርን መሐል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዳንደኖንግ የፋብሪካና የመጋዘን ሠራተኞች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮችና የግንባታ ባለሙያዎች ከተማ ናት። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከመቶ በላይ አገራት የመጡ ሰዎች ይኖሩባታል። እንዲህ ባለ የሥራ ከተማ ከከፍታ መውደቅ፣ የመኪና ግጭት ወይም ራስ ላይ የሚወድቅ ዕቃ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ በቅጽበት ሊያናጋ ይችላል። ቁስሉ ጠግጎ አካሉ ከበረታ በኋላም ጭንቀቱ ላያበቃ ይችላል። ትዕግሥተኛ የነበረው ሰው ቁጡ ሲሆን፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ሲተው፣ ከወዳጆቹ ሲርቅ፣ ቤተሰቡ የሚያውቁት ሰው ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቃል።

ይህን ጥያቄ በሕክምናው ዓለም ፊት ገና በማለዳው ያስነሳው የአንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ሕይወት ነው። ፊንያስ ጌጅ ይባላል። ካረፈ ከ160 ዓመታት በላይ ቢያልፉም ስሙ ስለ አንጎል፣ ስለ ስሜትና ስለ ባሕርይ በሚያስተምሩ መጻሕፍት ውስጥ አሁንም ይነሳል። ለረጅም ጊዜ የተዘነጋውን የሕይወቱን ሁለተኛ ምዕራፍ ወደ ብርሃን ካወጡት መካከል ደግሞ አንዱ የሜልቦርን ምሁር ናቸው።

ከባሩዱ ጉድጓድ የወጣው ብረት

ጌጅ በ1823 (እ.አ.አ) በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ተወለደ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። በ25 ዓመቱ በጎረቤት ቨርሞንት ግዛት ለባቡር ሐዲድ መንገድ አለት የሚያፈርስ ቡድን አለቃ ሆነ። አሠሪዎቹ ብርቱና አስተዋይ ሠራተኛ እንደሆነ ያምኑበት ነበር።

ሥራው አደገኛ ነበር። አለቱ ይበሳል፤ ቀዳዳው ውስጥ ባሩድና ክብሪት ገመድ ይገባል፤ ከላይ አሸዋ ይጨመርና በብረት ዘንግ ይጠቀጠቃል። የጌጅ መጠቅጠቂያ ብረት 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 6 ኪሎ ግራም ክብደት ነበረው፤ አንዱ ጫፉም ሹል ነበር።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1848፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ካቨንዲሽ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ጌጅ ከኋላው ወዳሉት ሠራተኞች ዞር እንዳለ ብረቱ ከአለቱ ጋር ተጋጭቶ እሳት ፈነጠቀ። ባሩዱ ፈነዳ። ብረቱ በግራ ጉንጩ ገብቶ፣ ከግራ ዓይኑ ጀርባ አልፎ፣ የራስ ቅሉን አናት በርቅሶ ወጣና 25 ሜትር ያህል ርቆ ወደቀ።

ጌጅ ግን አልሞተም። በደቂቃዎች ውስጥ መናገር ጀመረ። በበሬ ጋሪ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ማረፊያ ቤቱ ተወሰደ፤ ሐኪሙንም ነቅቶ ተቀበለ። ሕክምናውን የያዙት የ28 ዓመቱ ወጣት ዶክተር ጆን ማርቲን ሃርሎው ነበሩ። ከቀናት በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ጌጅ ራሱን ሳተ፤ የሬሳ ሣጥን እስከማዘጋጀት ተደርሶ ነበር። ዶክተር ሃርሎው መግሉን አስወጡለት፤ ወጣቱም ቀስ በቀስ አገገመ። አደጋው ከደረሰ ከአሥር ሳምንታት በኋላ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። የግራ ዓይኑ ብርሃን ግን ጠፋ።

የተለወጠው ጠባይ

ጌጅ የድሮ ሥራውን ለመያዝ ሲመለስ አሠሪዎቹ አልተቀበሉትም። ዶክተር ሃርሎው እንደዘገቡት ለሰው ክብር የማይሰጥ፣ ተሳዳቢ፣ ምክር የማይሰማ ሰው ሆኖ ነበር። ዕቅድ ያወጣል፤ ወዲያው ይተወዋል። ስለ ገንዘብ ያለው ግምትም ተዛብቶ፣ ለጥቂት ጠጠሮች ሺህ ዶላር ቢቀርብለት የማይቀበል ሆነ። የማስታወስ ችሎታው ግን እንደ ቀድሞው ነበር። ልጆችን፣ ፈረሶችንና ውሾችን ይወድ ነበር።

በዚያ ዘመን ሐኪሞች የአንጎል ክፍሎች የየራሳቸው ሥራ አላቸው ወይስ የላቸውም በሚለው ጉዳይ ይከራከሩ ነበር። የሃርቫርዱ ዶክተር ሄንሪ ቢግሎው ጌጅን ቦስተን አስመጥተው መረመሩትና ጤንነቱ በሚገባ እንደተመለሰ ጻፉ። ከሦስት አሥርተ ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ1878፣ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ፌሪየር የጌጅን የጠባይ ለውጥ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ባሕርይን እንደሚገዛ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። አንዱ ሰው ለተቃራኒ ሐሳቦች ምስክር ሆነ።

የቺሌ ዓመታት

ጌጅ ብረቱን ይዞ በተለያዩ ከተሞች ለሕዝብ ከታየ በኋላ በኒው ሃምፕሸር በአንድ የፈረስ ጋጣ ዓመት ተኩል ያህል ሠራ። በ1852 ደግሞ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ። በቺሌ፣ በወደብ ከተማዋ ቫልፓራይሶና በዋና ከተማዋ ሳንቲያጎ መካከል የመንገደኞች ሰረገላ ነጂ ሆኖ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ።

ይህ ተራ ሥራ አልነበረም። ከባድ ጭነት የያዘውን ሰረገላ ብዙ ጊዜ ስድስት ፈረሶች ይጎትቱት ነበር። ነጂው ልጓሞቹን ለያይቶ መያዝ፣ በጠመዝማዛው መንገድ የሚመጣውን አስቀድሞ ማየት፣ ሰዓት ማክበርና ቋንቋቸውን ከማያውቀው ሰዎች ጋር መግባባት ነበረበት። ዕቅድ መጨረስ አይችልም የተባለ ሰው ይህን ሁሉ ለዓመታት እንዴት ቻለ?

ጥያቄውን አጥብቀው ካነሱት አንዱ በሜልቦርን ያስተማሩትና የተመራመሩት የሥነ ልቦና ምሁር ማልኮልም ማክሚላን ናቸው። በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጌጅ ሰካራምና ሥራ ፈት ተንከራታች ሆኖ ቀረ የሚለው በስፋት የተሠራጨ ትረካ ማስረጃ እንደሌለው አሳዩ። ዶክተር ሃርሎው የገለጹት ለውጥ እውነት ቢሆንም በዋናነት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚመለከት እንደሆነ ተከራከሩ። ኋላም በቺሌ ጌጅን የሚያውቅ ሐኪም በጥሩ ጤንነት ላይ እንደነበረ የመሰከረበት ጽሑፍ ተገኘ።

የማክሚላን ማብራሪያ ቀላል ነው። የሰረገላ ነጂ ቀን የተደለደለ ነው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ከውስጥ የጎደለውን ሥርዓት ሥራው ከውጭ ሰጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጭንቅላታቸው የቆሰሉ ወታደሮችን ያከሙት የሶቪየት ኅብረቱ አሌክሳንደር ሉሪያም ሥራን ደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ ማለማመድ የፊተኛ አንጎል ጉዳት ያለበትን ሰው እንደሚረዳ ተገንዝበው ነበር።

ከሞት በኋላ

በ1859 ጌጅ ጤናው ስለታወከ እናቱና እህቱ ወደሚኖሩበት ሳን ፍራንሲስኮ ተጓዘ። ሲሻለው በእርሻ ሥራ ተቀጠረ። ይሁንና በ1860 መጀመሪያ የሚጥል ሕመም ያዘው፤ ሕመሙም እየደጋገመ በረታበት። ሜይ 21 ቀን 1860 በ36 ዓመቱ አረፈ። ከአደጋው በኋላ 12 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ዶክተር ሃርሎው የታካሚያቸውን ሞት የሰሙት ዘግይተው ነው። ቤተሰቡን አስፈቅደው የራስ ቅሉንና ጌጅ ከእጁ የማይለየውን ብረት አስመጡ፤ በ1868ም ሙሉውን ታሪክ አሳተሙ። ሁለቱም ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በ2012 የታተመ የኮምፒውተር ጥናት ብረቱ ከአንጎሉ ውጫዊ ሽፋን 4 በመቶ ያህሉን፣ የአንጎል ክፍሎችን ከሚያገናኘው ነጭ ክፍል ደግሞ 11 በመቶ ያህሉን እንደጎዳ ገምቷል። ጉዳቱ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ቦታዎቹ የሚገናኙባቸውን መስመሮችም ነክቷል ማለት ነው።

የጌጅ ሕይወት ዳንደኖንግ ውስጥ የተጎዳ ወንድም ወይም አባት ላለው ቤተሰብ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይናገራል። የመጀመሪያው፣ ከአንጎል ጉዳት በኋላ የሚታይ የጠባይ ለውጥ የአካል ጉዳት ውጤት ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ስንፍና ወይም እርግማን ተብሎ መታለፍ አይገባውም። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ዓመት ሁኔታ የመጨረሻው ፍርድ አለመሆኑ ነው። ጉዳት ሁሉ እኩል አይደለም፣ ሁሉም እንደ ጌጅ አያገግምም፤ ሆኖም የተደለደለ ቀን፣ የሚመጥን ሥራና አምኖ ኃላፊነት የሚሰጥ ሰው ለውጥ ሊያመጡ ይችላሉ።

በቪክቶሪያ በመንገድ አደጋ ለተጎዱ የትራንስፖርት አደጋ ኮሚሽን፣ በሥራ ላይ ለተጎዱ ደግሞ ወርክሴፍ የሕክምናና የማገገሚያ ወጪን የሚሸፍኑባቸው አሠራሮች አሉ። አስተርጓሚ የሚሻ ሰው በ131 450 መደወል ይችላል። ጌጅ ግን በዘመኑ እንዲህ ያለ ድጋፍ አልነበረውም። የነበሩት ዓመታት፣ ፈረሶቹ፣ የታወቀው መንገድና ልጓሙን በእጁ ለመስጠት የደፈረ አሠሪ ናቸው።