ሩዶልፍ ቪርሾ፤ የሕዋስና የሕዝብ ሐኪም

ሩዶልፍ ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1821 በፕሩሲያ ግዛት ሺፈልባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ይህች ከተማ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ አነስተኛ እርሻ ያለውና የከተማይቱ ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነበር። ልጁ በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበር፣ ለጦር ሠራዊት ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የበርሊን ተቋም በ1839 ተቀበለው። በ1843 ከተመረቀ በኋላ ሻሪቴ በተባለው ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በዚያም አስከሬን እየመረመረ የበሽታን መነሻ ሲያጠና፣ ገና በ24 ዓመቱ ነጭ የደም ሕዋሳት ከመጠን በላይ የሚበዙበትን ሕመም ለሕክምናው ዓለም ገለጠ። ሉኪሚያ የሚለውን ስም ለዚህ በሽታ ያወጣለትም እርሱ ነው።

በ1848 መጀመሪያ ላይ ላይኛው ሲሌዥያ በተባለው የፕሩሲያ ክፍለ ሀገር የተስቦ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ይፈጅ ነበር። መንግሥትም ሁኔታውን አጥንቶ እንዲያስረዳ ወጣቱን ቪርሾን ወደ ስፍራው ላከው። ቪርሾ በየመንደሩ እየዞረ ሕመምተኞቹን ከመረመረ በኋላ፣ ዓይኑን ወደ ኑሯቸው መለሰ። ያየውም ሰብሉ ጠፍቶበት የተራበ፣ በጠባብ ጎጆ ተጨናንቆ የሚኖር፣ ቋንቋው ፖላንድኛ በመሆኑም በጀርመንኛ የሚናገሩትን ሹማምንት የማይረዳ ሕዝብ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ከባድ ምርጫ ገጠመው። ስለ መድኃኒትና ስለ ንጽሕና ብቻ ቢጽፍ የሚቀየመው አይኖርም፤ ያየውን ሁሉ ቢጽፍ ግን የሚወቅሰው የላከውን መንግሥት ራሱን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ቪርሾ መደበቅን አልፈቀደም። የወረርሽኙ ሥር ድህነት፣ ረኃብ፣ አለመማርና የመብት እጦት መሆኑን በዘገባው ገለጠ። መፍትሔውም ነፃነት፣ በሕዝቡ ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርት፣ መንገድና የተሻሻለ እርሻ መሆኑን አሳሰበ። ወደ በርሊን በተመለሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዮት ሲፈነዳም ከሕዝቡ ጋር ወግኖ ቆመ። ከዚህም የተነሣ በ1849 ከሥራው ታገደ፤ በዚያው ዓመት በርሊንን ለቅቆ ወደ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

ስደት የመሰለው ይህ ጊዜ ግን ለሳይንስ ታላቅ ፍሬ አፈራ። በዚያን ዘመን ብዙ ሊቃውንት ሕዋስ ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ሮበርት ሬማክ የተባለው ተመራማሪ ሕዋሳት እየተከፈሉ እንደሚባዙ ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ቪርሾም በ1855 ባወጣው ጽሑፍ ማንኛውም ሕዋስ የሚገኘው ከእርሱ በፊት ከነበረ ሕዋስ መሆኑን አስታወቀ። በ1856 ወደ በርሊን ተጠርቶ ተመለሰ። በ1858 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ በሽታ የሕዋሳት ሥራ መዛባት መሆኑን አስረዳ። ዛሬ ሐኪም ከዕብጠት ላይ ቅንጣት ወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው በዚሁ ሐሳብ ተመርቶ ነው።

ቪርሾ በ1859 የበርሊን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አገለገለ። ከተማይቱ የቆሻሻ ውሃ ማስወገጃ ቦዮች እንዲዘረጉላት፣ ሥጋም ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንዲመረመር ደከመ። ከዚህ ሌላ ከ6.7 ሚሊዮን በሚበልጡ የጀርመን ተማሪዎች ላይ የፀጉር፣ የዓይንና የቆዳ ቀለም ጥናት እንዲካሄድ አደረገ። ውጤቱ በ1886 ሲታተም፣ ወርቃማ ፀጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ልጆች ከሦስቱ አንዱን እጅ እንኳ አልሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት መልካቸው ቅይጥ ነበር። በመሆኑም ጀርመናውያን አንድ ንጹሕ ዘር ናቸው የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የሌለው መሆኑ ታየ።

ይሁን እንጂ ቪርሾ ከስሕተት የነፃ አልነበረም። በሽታ አምጪ የሆኑ ረቂቅ ተሐዋስያን መኖራቸው ሲገለጥ፣ ኃይላቸውን ለረጅም ጊዜ ተጠራጠረ። ዛሬ እንደሚታወቀው ወረርሽኝ የሚሆነውን ተስቦ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ የሚያስተላልፈውም ቅማል ነው። ነገር ግን ቅማል የሚበረክተው ሰው በተጨናነቀበት፣ ቅያሪ ልብስና መታጠቢያ ውሃ ባጣበት ስፍራ ስለሆነ፣ የ1848ቱ ዘገባ ዋና ሐሳብ አልተሻረም።

ቪርሾ በ1902 መጀመሪያ ላይ ከትራም ሲወርድ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ፤ በዚያው ዓመትም በ80 ዓመቱ ዐረፈ። ከሕይወቱ የምንረዳው፣ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሥር ያለውን ሕዋስ ሲመረምር በጎጆው ውስጥ ያለውንም ሰው መዘንጋት እንደማይገባው ነው።