ያኮብ ቢየርክኔስ
ያኮብ ቢየርክኔስ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1897 – ጁላይ 7 ቀን 1975) ኖርዌያዊ-አሜሪካዊ የሚቲዎሮሎጂ ሊቅ ነበሩ። በወጣትነታቸው የአየር ግንባሮችን አሠራር፣ በስተርጅና ደግሞ የኤልኒኞን አሠራር አስረድተዋል። ይፋትን ለመሰለ ቆላ ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ሥራቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የተወለዱት ስቶክሆልም ሲሆን፣ አባታቸው ቪልሄልም ቢየርክኔስ የአየር ጠባይን በፊዚክስ ሕግ ለመተንበይ የጣሩ ሳይንቲስት ነበሩ። በ1917 ቤተሰቡ ከላይፕሲግ ወደ ኖርዌይዋ በርገን ተዛወረ። ጦርነቱ ከውጭ የሚመጣውን የአየር ዘገባ ስላቋረጠ በምዕራብ ኖርዌይ ብዙ የመመልከቻ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ያኮብ በዚሁ መረጃ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር የሚገናኙበትን መስመር የሚገልጽ ጽሑፍ በ1919 አወጡ። መስመሩ በኋላ ከጦር ሜዳ ቋንቋ ተወስዶ «ግንባር» ተባለ።

ቀዝቃዛው ግንባር ፈጥኖ ሞቃቱን ሲደርስበት፣ በመካከል ያለው ሞቃት አየር ከመሬት ተላቆ ወደ ላይ ይነሣል። ይህን የተዘጋ ግንባር መጀመሪያ ያስተዋሉት ባልደረባቸው ስዊድናዊው ቶር ቤርየሮን ናቸው። ያኮብና ሃልቮር ሶልበርግ ደግሞ በ1922 የአውሎ ነፋሱ ዕድሜ ማብቂያ መሆኑን አሳዩ፤ ደመናና ዝናብ ለጊዜው ቢበረታም፣ ሞቃቱ አየር ከሥሩ ስለጠፋ ማዕበሉ ቀስ በቀስ ይከስማል።

ጀርመን በ1940 ኖርዌይን ስትወር ያኮብ አሜሪካ ነበሩ፤ እዚያው ቀርተው በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1969 ባወጡት ጽሑፍ የምሥራቅ ፓሲፊክ ውሃ ሲሞቅ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ እንደሚዳከም፣ የነፋሱ መዳከምም ውሃውን ይበልጥ እንደሚያሞቀው አስረዱ። ጊልበርት ዎከር ቀደም ሲል ያገኙት የአየር ግፊት መወዛወዝና ኤልኒኞ የተሳሰሩት በዚህ ሥራ ነው።

የተዘጋ ግንባር የመካከለኛው ኬክሮስ ነገር ስለሆነ ሸዋ ሮቢት አይደርስም። በበልግ ግን ከዚያው ቀጠና ወደ ደቡብ የሚዘረጋ ቀዝቃዛ የላይኛው አየር፣ ከዓረብ ባሕር የመጣውን እርጥበት ወደ ላይ አንሥቶ ይፋትን ያጠጣል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ደግሞ በኤልኒኞ ዓመት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይገባል፣ ያንሳልም፤ ለቆላው ማሽላ ይህ የምርትና የረሀብ ልዩነት ነው። የወሎ ረሀብ ከ1972–73ቱ ኤልኒኞ ጋር ገጠመ። በ2015ም ክረምቱ በብዙ ቦታ ከሽፎ ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ፈለጉ። የክረምት ትንበያ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ፣ አስቀድሞ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የፓሲፊክ ውሃ ሙቀት ነው።