ሐዲስ ዓለማየሁና የተዘጋው ቤት

ተማሪዎች ሆይ፥ በወልድያና በመርሳ ገጠር እንደምታዩት የባላገር ቤት መዝጊያ ሌሊት ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይጠበቃል። የወህኒ በር ግን ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉም በሌላ ሰው እጅ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የፍቅር እስከ መቃብርን ደራሲ ሕይወት ስንመለከት ያስፈልገናል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. በጎጃም፥ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ። የቄስ ልጅ ስለ ነበሩ በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተከታተሉ፤ ቀጥሎም አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በራስ እምሩ ጦር ተሰልፈው በሽሬ ግንባር ተዋጉ። በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። በዚያም፥ ባሕር በከበባቸው ደሴቶች ጭምር፥ ሰባት ዓመት ያህል ታስረው ቆዩ። ነጻ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1943 የቃል ኪዳን አገሮች ጦር በደረሰ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በዲፕሎማትነት፥ በትምህርት ሚኒስትርነትና በለንደን አምባሳደርነት አገልግለዋል።

እንግዲህ ጓጉንቸርን በሚገባ ያወቁ ሰው ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልቦለዳቸው ግን የወህኒ ታሪክ አይደለም፤ በገዛ ቤታቸው የተዘጋባቸውን ሰዎች ኀዘን ይተርካል። ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ሲያማርጡ፥ ሰብለ ወንጌል ዕድሜዋ እያለፈ በአባቷ ቤት ትቀራለች። በዛብህም ከእርሷ ያልተሻለ እስረኛ ነው፤ ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተስለው ስለ ሰጡት፥ ሳይጠየቅ የገባበት ስእለት ከትዳር ያግደዋል። ልብ በሉ፤ በሩን የዘጉባቸው የሚወዷቸው ወላጆቻቸው ናቸው። መቀርቀሪያው ከውስጥ ተጥሏል፤ ኀዘኑን ያከበደውም ይኸው ይመስለኛል።

ቁልፉስ ወዴት ነው? በዛብህ ወደዚያ ቤት የገባው ሰብለን ሊያስተምር ነውና፥ የፊታውራሪው በር ለድኻው ልጅ የተከፈተው በፊደል ነው። (መምህር ስለ ነበርሁ ለዚህ ቁልፍ አዳልቼ ይሆናል።) ጉዱ ካሣ መቆለፊያው እንደ ዛገ አይቶ ይናገራል፤ ሰዎቹ ግን እንደ እብድ ይቈጥሩታል። በመጨረሻ ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ከቤት ትወጣለች። በዛብህን የምታገኘው ግን ሽፍቶች ጉዳት አድርሰውበት ሊሞት ሲያጣጥር ነው። እርሷ፥ እርሱና ጉዱ ካሣ ኋላ በአንድ መቃብር ይገናኛሉ።

ሐዲስ በራሳቸው ላይ የተቆለፈውን በር ታሪክ ትዝታ በተባለው መጽሐፋቸው የተረኩት ከልቦለዱ ብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1985 ዓ.ም. ነው። በ1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።