ፍሬድሪክ ፍሮብል የሕፃናት ወዳጅ

በላፍቶም ሆነ በሌላው የንፋስ ስልክ ሰፈር ትንንሽ ልጆች እየተጫወቱ የሚማሩበት ቤት መዋዕለ ሕፃናት ይባላል። የዚህ ዓይነት ቤት አባት የሚባለው ፍሬድሪክ ፍሮብል ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1782 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተወለደ፤ አባቱም ቄስ ነበረ።

እናቱ በዘጠኝ ወሩ ሞተችበት። አባቱ በምእመናኑ ጉዳይ ተይዞ ይውል ነበር፤ እንጀራ እናቱም የራስዋን ልጅ ከወለደች በኋላ ፊትዋን አዞረችበት። ስለዚህ ሕፃኑ ብቻውን በአትክልት ቦታ አበባና ቅጠል ሲያይ ይውል ነበር። ንባብም ቶሎ ስላልገባው አባቱ ልጁን ደነዝ ነው ብሎ ገመተው። ነገር ግን ተሳስቶ ነበር።

ፍሮብል ካደገ በኋላ መምህር ሆነ፤ ወደ ስዊስ አገርም ሄዶ ከታላቁ መምህር ከፔስታሎትሲ ዘንድ ተማረ። በ1837 ዓ.ም. ብላንክንቡርግ በምትባል ከተማ ለሕፃናት ቤት ከፈተ፤ በ1840 ዓ.ም. የልጆች አትክልት ቦታ ብሎ ሰየመው። ልጅ እንደ ተክል ነው፤ ውሃ ያጠጡታል እንጂ ቶሎ እንዲያድግ ብለው አይጐትቱትም።

ለሕፃናቱም መጫወቻ አበጀላቸው። መጀመሪያ ከሱፍ የተሠሩ ስድስት ባለ ቀለም ኳሶች፤ ቀጥሎም ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል፥ ባለ ስድስት ገጽና እንደ ግንድ የሞለለ ዕቃ ሰጣቸው። ሦስተኛው በስምንት የተከፈለ እንጨት ነበረ። ሕፃኑ ወንበርና ደረጃ ሲሠራበት፥ ሲያፈርስም፥ የስምንት እኩሌታ አራት፥ የአራት እኩሌታ ሁለት መሆኑን ማንም ሳይነግረው በእጁ ያውቀዋል። ቅልሞሽ የምትጫወት ልጅም ጠጠሮችዋን ስታነሣ መቍጠርን እንዲሁ ትለምዳለች።

በሽምግልናው ከመንደር ልጆች ጋር እየዘመረ ሲሮጥ ያዩት ሰዎች ሞኝ ሽማግሌ ነው እያሉ ሳቁበት። እርሱ ግን አልተወም። ከሣቅ የከፋ ነገር በ1851 ዓ.ም. መጣበት። የፕሩስያ መንግሥት የወንድሙን ልጅ ጽሑፍ የእርሱ አስመስሎ፥ ቤቶቹ ሁሉ እንዲዘጉ አዘዘ። ፍሮብል አቤት ቢልም የሰማው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር በ70 ዓመቱ ሞተ።

ትእዛዙ የተሻረው በ1860 ዓ.ም. ነው። በሽዋይና በሚገኘው መቃብሩ ላይ ወዳጆቹ ከድንጋይ የተጠረቡትን የሕፃናቱን መጫወቻዎች አቆሙለት፤ ከታች ባለ ስድስት ገጹ፥ በላዩ የሞለለው፥ ከሁሉ በላይ ድቡልቡሉ።